ከሥር የቀረው ቀለም

በሻኦሺንግ ከተማ እንደ ጓን ቦሪ የሚቀና ሠዓሊ አልተፈጠረም። ሲቀና ጆሮው ፍም ይመስላል፤ እንዲያውም አንዴ መብራት ጠፍቶ ጎረቤቶቹ በጆሮው ብርሃን ራታቸውን በልተዋል። ያላመነ ሄዶ ይጠይቃቸው።

ያን ሰሞን ጆሮውን ያቀላው ታንግ ሹፌይ የሚባል ሠዓሊ ነው። ታንግ የቦሪን ሚስት፣ ሉዎ ቺንን፣ ሸርጣን አቅርቦላት ሣላት። ሥዕሉ ላይ ቺን ትስቃለች። ቦሪ ግን ከተጋቡ ጀምሮ ሲስላት ኖሮ አንድም ቀን አልሳቀችለትም፤ በእሱ ሥዕል ሁሉ ጥርሷን ልታስነቅል ተራ የምትጠብቅ ትመስላለች።

«ለኔ ተኮሳትረሽ ለእሱ ጥርስሽን የምትገልጪው ምን ስላደረገልሽ ነው?»

«ሸርጣን አቀረበልኛ!»

«ሰውዬው ዓይኑን ተክሎብሽ ነበር!»

«አይ አንተ! ሄደህ ሥዕሉን ጠይቀዋ።»

በቀልድ ያለችውን ቦሪ ምክር አደረገው። ለተማሪዎቹ ዘወትር የሚላት ነገር አለች፤ ወረቀቱ መጣጭ ነው፣ ብሩሽ የሮጠበት ቀለም ከላይ ይቀራል፣ የዘገየበት ግን ወደ ታች ይሰምጣል። የታንግ ወረቀት ደግሞ ከሁለት ስስ ወረቀት የተጣበቀ ድርብ ነው። ዓይን ባረፈበት ብሩሽም ይዘገያልና፣ የታችኛው ቢላጥ የታንግ ዓይን የት የት ሲዞር እንደዋለ ቁልጭ ብሎ ሊታይ ነው!

ሥዕሉ ጀርባው በወረቀት እንዲለጠፍ ሥዕል ለጣፊው ጋሽ ፋንግ ሱቅ ገብቷል። ቦሪ አንድ ማሰሮ የሩዝ ወይን ተሸክሞ ከች አለ። ሥራ ያመጣ ለመምሰል ራሱ የሣላትን ቺንንም ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል።

«ጋሽ ፋንግ፣ የታንግን ሥዕል ይላጡልኝ።»

«የሰው ሥዕል? ጤና የለህም እንዴ?»

«የታችኛውን አንዴ ልየውና መልሰው ይለጥፉታል። ማን ያውቃል?»

ፋንግ ወይኑን አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። «እንግዲያ በሩን ዝጋው» አሉ።

በሩ ሳይዘጋ ቺን ገባች። ከቤት ጀምራ ስትከተለው ኖሯል። «እኔም ልይ እንጂ፤ ፊቱ የኔ አይደል?»

ፋንግ ወረቀቱን አርጥበው ጫፉን በጥፍራቸው ያዙና ቀስ እያሉ ላጡት። ከሥር የቺን ፊት እንደ ጥላ ደብዝዟል። ከንፈሯ የለም፣ አንገቷ የለም። ሸርጣኑ ግን የእግሩ ጸጉር እንኳ ሳይቀር፣ ከነዝንጅብሉ፣ ጥቁር ብሎ ጉብ ብሏል።

«ርቦት ነበር!» ብለው ፋንግ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቦሪም ሳቀ፤ ጆሮው ነጣ።

ቺን አልሳቀችም። «ያንተስ ወረቀት ድርብ ነው?»

«ነው። ምነው?»

«ጋሽ ፋንግ፣ እሱንም ይላጡት።»

«ኧረ ተይ፣ የኔ ምን ይሠራል...»

ፋንግ ላጡት። ከሥር ቺን የለችም። የተቀመጠችበት ወንበርም የለም። ከዳር ላይ የጓን ቦሪ ፊርማ ብቻ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ስምህ ላይ ብዙ ቆይተሃል» ብላ ቺን ወጣች።

ቦሪ እየሮጠ ደረሰባት። እቤት ሲደርሱ ወንበር አቀረበላት፣ ቀለም በጠበጠ፣ ቅንድቧ ላይ ብሩሹን አሳረፈ። ከዚያ ወዲያ ብሩሹም አልተነሳ፣ ዓይኑም ከፊቷ አልተነሳ። ቀለሙ ወረቀቱን አለፈ፣ ጠረጴዛውን አለፈ፣ ወለሉን በስቶ ታች ቤት የሚኖር አንድ ወንደላጤ ጎረቤት ኮርኒስ ላይ የቺን ቅንድብ ሆኖ ወጣ። ያኔ ነው ቺን የሳቀችው።

ወንደላጤው ግን ከዚያ ወዲህ ተንጋሎ ኮርኒሱን ሲያይ ይውላል አሉ። ቦሪ ይህን የሰማ ቀን ሰፈሩ በሙሉ መብራቱን አጠፋ፤ አላስፈለገማ።