የቲቸር ጋራዥ

ፋርማሲስቱ ሊሰናበታት ጎንበስ ሲል በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ከጋዜጣው ጫፍ የእንጨት እጀታ ብቅ ብሏል። እጀታውን ገና ስታየው አወቀችው፤ የራሷ መላጊያ ነው።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «የቲቸርን የእጅ ዕቃ ለመታሰቢያ ብለው ሲሰጡኝ የምለው ጠፋኝ። ቤቴ በክብር ነው የማስቀምጠው። እጃቸው ያረፈበት!»

እጃቸው ያረፈበት! ባሏ ያንን መላጊያ በዕድሜው የነካው ሲወለውል ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ ነው፤ ያኔም በስለቱ ደፍቶ አስቀምጦት ስትጮህበት ውላለች። «ማን ሰጠህ?» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፣ ወንበር ያጡት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ ሁሉም የሚያዩት የእሷን ፊት ነው። ባል የሞተባት ሴት ደግሞ በመላጊያ አትጣላም።

«አሜን» አለችና አንገቷን ደፋች። ፋርማሲስቱ መላጊያዋን ይዞ ወጣ።

ሻይ የምታዞረው ልጇ አጠገቧ ስትደርስ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«ዕቃዬን የሚያድለው ማነው?» አለች በሹክሹክታ።

«አጎቴ ነው፣ እማ። ለአባዬ ወዳጆች ማስታወሻ ይሁን ብሎ ነው።»

«ሌላስ ምን ሰጠ?»

ልጅቷ ትሪውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «መሮዎቹን ለርዕሰ መምህሩ። ሞርሳውን ደግሞ ለጎረቤታችን። እባክሽ እማ፣ ሰው እያየን ነው።»

ሞርሳውን! ያንን የሚያህል ብረት ተሸክሞ ሲወጣ ሰውየውን ማንም አልጠየቀውም ማለት ነው።

አጎት የተባለው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ጸጉሩ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ፣ ቤተሰቡ አሁንም «ማሙሽ» ይለዋል። ማሙሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ወንበር የሚያመላልሰው፣ ሰው የሚቀበለው፣ የሚሸኘው እሱ ነው። ጋራዡን የሚያራግፈውም ለእሷ አዝኖ ነው። «የወንድሜን ዕቃ እያየች ስታለቅስ እንዳትኖር» ይላል ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። ዛሬ የሥራ ጠረጴዛውን ይነቅላል፤ ነገ ሠራተኞች መጥተው የፊቱን ግድግዳ አፍርሰው ሰፊውን የመኪና በር ይመልሱታል፤ ከዚያ የልጅቷ መኪና ታድርበታለች። ሁሉን አሰናድቷል፤ ባለቤቲቱን መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።

ባለቤቲቱ የአናጢ ልጅ ናት። አባቷ ሙያውን ያስተማራት ወንድ ልጅ አጥቶ አልነበረም፤ ወንዶቹ ነበሩ፣ እንጨት እሺ የሚለው ግን እሷን ነው። ስታገባም መላጊያዋን ከልብሷ ጋር በአንድ ሻንጣ አድርጋ መጣች። ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የዓለምን ወንዝ ሁሉ ከነመነሻው ከነመድረሻው በቃሉ ያውቃል፤ መዶሻ ሲያነሳ ግን ሚስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን ነው የሚያገኘው።

በትዳራቸው መጀመሪያ ዓመታት በረንዳ ላይ ነበር የምትሠራው፤ ሁለት በርሜል ላይ ጣውላ አጋድማ። አንድ ቀን ባሏ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ዝናቡን ያወርደዋል፣ እሷ ደግሞ ላስቲኩን ለቁም ሳጥን በር አልብሳ ራሷ እየበሰበሰች ኮላው እስኪይዝ በሩን ተጭና ቆማለች። ምንም አላለም። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ከጋራዥ አውጥቶ መንገድ ዳር አቆማት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሻምፑ የሚያጥባትን፣ የገዛ ልጁ በጫማ እንዳትገባባት የሚቆጣባትን መኪና!

«ምን ነካህ? ዝናብ ይወርድባታል እኮ።»

«ጃንጥላ እገዛላታለሁ» አለ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ከዚያ ጋራዡን ያዙት። ዓመታት የጠጣውን የሞተር ዘይት ከወለሉ በፈላ ውኃና በሳሙና ፈተጉ። ሲሚንቶ ሲያቦካ ውኃ አብዝቶ ሾርባ አደረገው፤ ደግመው አቦኩት። የብረቱን በር አስነቅሎ በቦታው ግድግዳ አስገነባ፤ ብርሃኑ ከግራዋ እንዲመጣላትም ሰፊ መስኮት አስከፈተበት። ኤሌክትሪሺያኑን ለብቻው መስመር አስዘረጋው፤ ሶኬቶቹ ሰጋቱራ እንዳይገባባቸው ከፍ ብለው ይሁኑ ብሎ ሲከራከረው እሷ ከኋላ ሆና ትስቅ ነበር፤ የነገረችውን ነው ቃል በቃል የሚደግመው። መኪናዋ እውጭ እንዳለች በሮቿን ዝገት በላቸው። አንድም ቀን ቆጨኝ አላለም።

ቢቀር ጥሩ የነበረው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ጎራ አለና አዲስ የተሠራ ወንበር አየ። ባሏ መጥረጊያ ይዞ፣ ጸጉሩ ሰጋቱራ ለብሶ ቆሟል። እሷ ኮላ በጣቶቿ ላይ እንደደረቀ ለእንግዳ ውኃ ይዛ ገባች።

«ቲቸር፣ እጅህ ይባረክ! ይህን ሙያ የት ደብቀኸው ኖሯል?»

ባሏ አያት፣ ጠቀሳትና «አሜን» አለ።

ማታ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። በሌላ ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ አሁንም ሳቁ። እየቆየ ሲሄድ የሚስቀው እሱ ብቻ ሆነ። ቲቸር ጠረጴዛ ይሥራልኝ፣ ቲቸር አልጋ ይሥራልኝ የሚል በዛ። «ምናለ እሷ ናት ብትል?» ስትለው «ማን ያምነኛል? ደግሞስ ሥራው ላንቺ አይደል የሚመጣው?» ይላታል። የትምህርት ቤቱን የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ሠርታ የጨረሰች ጊዜ ባሏን መድረክ አስወጥተው አመሰገኑት። እሷ ከታች ተቀምጣ፣ የጣቶቿ ስንጥር ገና አልወጣላትም፣ አጨበጨበች። ከዚያ ስንት ጊዜ አኮረፈችው። ሲለማመጣት ከረመና «እነግራቸዋለሁ፣ ጊዜ ስጪኝ» አለ።

ጊዜ ሰጠችው። ጊዜው አለቀና ሞተ። በቀብሩም ላይ «በእንጨት ሥራ ጥበባቸው የተደነቁ» ተብሎ ታሪኩ ሲነበብ በጥቁር ነጠላዋ ስር ጥርሷን ነከሰች። ሞቱ አንጀቷን ቆርጦታል፤ የሚያንገበግባት ግን ምስክሯንም ይዞባት መሄዱ ነው።

ልጇን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ልነግራቸው ነው» አለች።

«አሁን? አባዬ አፈሩ ሳይደርቅ? ሲያታልላችሁ ኖረ ልትያቸው?»

«አላታለለም። ሰው ራሱን ሲያታልል አሜን አለ እንጂ።»

«ለሰሚው ያው ነው፣ እማ።» ልጅቷ ዓይኗ ሞላ። «እኔ አውቃለሁ፣ አይበቃም? አልጋዬን ማን እንደሠራው፣ የአሻንጉሊቴን ቤት ማን እንደሠራው አውቃለሁ። ሰው ፊት አታዋርጂው።»

«እኔስ? እኔ የማን ነኝ?»

ወዲያው ከጋራዥ በኩል የመዶሻ ድምፅ መጣ። ያ ጠረጴዛ ሚስማር የለውም፣ እግሮቹ እርስ በርስ ተሰካክተው ነው የቆሙት፤ በመዶሻ የሚደበድበው ሰው እየሰበረው ነው። እናትየው ልጇን ገፋ አድርጋ ወጣች። በሳሎኑ መሀል፣ በለቅሶተኛው ሁሉ ፊት፣ ማንንም ሳታይ አለፈች።

ማሙሽ ሸሚዙን ሰብስቦ መዶሻ አንስቷል። ፋርማሲስቱ ገና አልሄደም፤ ጋዜጣውን እንደታቀፈ ቆሞ ያያል። ከሳሎን የተከተሏት ደግሞ በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

«አስቀምጥ» አለች።

«እትዬ! አንቺ ምን አመጣሽ? ግቢ፣ ተቀመጪ፤ እኛ እንጨርሰዋለን።»

«ጠረጴዛዬን ነው የምትጨርሰው?»

«የወንድሜን...»

«ወንድምህ ሚስማር አቅንቶ መምታት አይችልም ነበር!»

«እማ!» አለች ልጇ ከኋላ። ማሙሽ መዶሻውን አውርዶ ለሕመምተኛ እንደሚያወሩት ድምፁን አለዘበላት። «እሺ፣ እትዬ። ሐዘን ነው። ሐዘን ብዙ ያናግራል።»

ደሟን ያፈላው ይኸው ድምፅ ነው።

«ና፣ እዚህ ቁም» አለች። «እንደ ሠራተኛ ቁም። መዳፍህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ።»

ግራ ገብቶት ቆመ። የቤተሰቡ ወንዶች ሁሉ ረጃጅም ናቸው፣ ማሙሽም ራሱን ከበር ጉበን ጋር ሳያጋጭ አይገባም። መዳፉን ለማሳረፍ ጎበጠ፤ ጠረጴዛው ከጭኑ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው።

«ወንድምህ ካንተ ይረዝም ነበር። እንዲህ ጎብጦ ነው ያን ሁሉ ቤት ዕቃ የሞላላችሁ? ወገቤን ሲል ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?» ገፋ አድርጋው በቦታው ቆመች። መዳፏ፣ ክንዷን ሳታጥፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ልክክ ብሎ አረፈ። «እዚህ ጎኔ ላይ ሜትር አስደግፎ የለካኝ እሱ ነው። መኪናውን ዝናብ ላይ ጥሎ ለሚስቱ መሥሪያ ቦታ ያበጀ ሰው ነው። እሱን አውሩለት! በሌለው ሙያ የምታሞግሱት ምን አጥቶ ነው? ይኼ አንሶት ነው?»

ልጇ አፏን በእጇ ይዛለች። ፋርማሲስቱ ጋዜጣውን ፈታ፣ መላጊያውን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ኋላ አለ። ቀና ብሎ ዓይኗን ለማየት አልደፈረም።

ከዚህ በኋላ ሳሎን ተመልሳ መቀመጥ አልሆነላትም። ግድግዳውን የተደገፈውን ረጅም ጣውላ፣ ባሏ አልጋ ላይ ሲውል የተወችውን፣ ሳብ አድርጋ አጋደመችው። መጋዟ ከተሰቀለበት አልወረደም ነበር፤ አወረደችው።

«ያዝልኝ» አለች ቀና ሳትል።

ብላው ነው የደነገጠችው። ይህን ቃል ለሌላ ሰው ብላ አታውቅም። ጋራዡ ውስጥ የባሏ ሥራ ከመወልወል ሌላ ይኸው ብቻ ነበር፤ የጣውላውን ሌላ ጫፍ መያዝ። እሱንም አልቻለበትም። ወሬ ይጀምራል፣ ስለ አንድ ወንዝ ትዝ ይለዋል፣ እጁን ሲያወናጭፍ ጣውላው አብሮት ይወዛወዛል። «አትነቅንቀው!» ስትለው ዘመኑ አለቀ።

ማሙሽ መዶሻውን አስቀመጠ። መጣና ጫፉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ ሌላ ነገር እንዳያበላሽ ፈርቶ ትንፋሹን እንኳ ውጧል። መጋዙን አስገብታ አንድ ጊዜ ሳበች። ጣውላው ንቅንቅ አላለም። እጇ ቆመ።

«ምነው፣ እትዬ? አበላሸሁ?»

«ደህና ይዘኸዋል» አለች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ መጋዙንም አስተካክላ ያዘች። «ትንሽ ነቅንቀው።»