የቴክላ ሦስት የልደት ዓመታት

"ሞዛርት ተይዟል! ተይዟል አልኩህ እኮ!" ቦዩ ወንበሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል።

መምህርት ጂየን ጠረጴዛውን በጠመኔዋ መታ መታ አደረገች። "ውረድ ቦዩ። ሞዛርት የትም አይሄድም።"

የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ አንድ የሙዚቃ ደራሲ ይመርጣሉ። አራት ሳምንት ያነባሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ፣ ፖስተር ይሠሩና በወላጆችና ነጥብ በሚሰጡ ዳኞች ፊት ቆመው ያስረዳሉ። ጂየን ቤይጋንግ በምትባል ከተማ፣ በዚህች ትንሽ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ስታስተምር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዘጠኙም ዓመት ያው ሞዛርት፣ ያው ባክ፣ ያው ከጥጥ የተሠራ ነጭ ፀጉር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አይታለች። የልጆቹ ጥፋት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።

"ዪአን፣ አንቺስ ማንን መረጥሽ?"

ሊያኦ ዪአን ከመስኮቱ አጠገብ ተነሳች። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም አይንቀጠቀጥም። "የቆሻሻ መኪናውን።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አባቷ ስለሚነዳው እኮ ነው!" አለ ቦዩ። "ሽታው ናፍቋት ነው!"

"የእናንተን ቤት ከረጢት ማን የሚወስድላችሁ መሰለህ?" አለችው ዪአን ዞር ብላ። "ሞዛርት?"

ሳቁ አሁን ወደ ቦዩ ዞረ። ጂየን ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ፣ "ቤትሆቨንን ማለትሽ ነው አይደል?" አለች። በዚያ አገር የቆሻሻ መኪና ሰው የቆሻሻ ከረጢቱን ይዞ እንዲወጣ ዜማ ያሰማል፤ ብዙ ከተማ ውስጥ የሚሰማውም የእሱ ዜማ ነው።

"አይደለም ቲቸር። የእኛ መኪና ሌላ ነው የሚዘፍነው።" ልጅቷ አፏን ዘግታ አንጎራጎረችው።

ጂየን ዜማውን ወዲያው አወቀችው። ይህን ዜማ በሰባት ዓመቷ ፒያኖ ላይ ተጫውታዋለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራት ዓመት ሙዚቃ ተምራለች። ዛሬም ማታ ማታ ከረጢቷን አንጠልጥላ ደረጃውን በሩጫ የምትወርደው ይህንኑ ሰምታ ነው። ስለ ደራሲው ተናገሪ ብትባል ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይወጣትም።

"ጎሽ" አለች በመጨረሻ። "ማን እንደ ደረሰው ፈልጊና ለእኔም ንገሪኝ።"

ልጆቹ ቀልድ መሰላቸው። ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ባለው የእንቅልፍ ሰዓት፣ ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ፣ ዪአን ቤተ መጻሕፍት ገባች። ጂየን ወፍራሙን የሙዚቃ መዝገበ ቃላት አወረደችላት። በዜማው ርዕስ ገጹን አብረው አገላብጠው አገኙት፤ አራት መስመር ብቻ ነበር።

"ሴት ናት!" አለች ዪአን። ተንሾካሾከችም ቢባል ጮኸችም ቢባል ያስኬዳል። "ቲቸር፣ ሴት ናት! ቴክላ ባዳርዜቭስካ። ፖላንዳዊት። ዋርሶ ውስጥ በ1861 ሞተች።"

"መቼ ተወለደች?"

"1838 ይላል።"

ሁለተኛው መጽሐፍ 1834 አለ። ጂየን ከቀድሞ መምህሯ በፖስታ ያስመጣችው ሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ 1829። ዪአን ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ አንዱ እስኪያፍርና እስኪታረም የምትጠብቅ ይመስል ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየቻቸው።

"የቱ ነው የዋሸው?"

"የዋሸ ላይኖር ይችላል" አለች ጂየን። "የልደት መዝገቧን ያገኘም ያላገኘም ይኖራል።"

"እንግዲያው ስትሞት ሃያ ሦስትም፣ ሃያ ሰባትም፣ ሠላሳ ሁለትም ልትሆን ትችላለች?"

"ትችላለች።"

"ወይ ጉድ" አለች ልጅቷ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሴት።

ችግሩ ቅጹ ነበር። አሥራ አምስት ሳጥን አለው፦ ወላጆች፣ የመጀመሪያ መምህር፣ የልጅነት ታሪክ፣ የሚወደው ምግብ ሳይቀር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቦዩ ሁሉንም ሞልቶ ሌላ ወረቀት ጠየቀ። የዪአን ቅጽ ግን በአምስት ሳጥን ቆመ። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ስድስተኛው ተሞልቷል፦ "ቴክላ በልጅነቷ ጥቁር ድመት ነበራት፤ ድመቷ ስትሞት አለቀሰችና ዜማውን ደረሰች።"

ጂየን አነበበችው። ቆንጆ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

"ይሄን ከየት አገኘሽው?"

ዪአን ጫማዋን አየች።

"ዪአን።"

"ከራሴ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "የሁሉም ሞልቷል። የእኔ ብቻ ነው ባዶ። ልጆቹ 'ሰነፍ ስለሆነች ነው' እያሉ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ነው ያነበብኩት!"

ጂየን ልትቆጣ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እሷስ? ስለ ታላላቆቹ ደራስያን ስንት ጥፍጥ ያለ ታሪክ፣ "ይባላል" የምትለዋን ቃል እየዘለለች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስተምራ የለ? ማን ጠይቋት ያውቃል፣ ከየት አገኘሽው ብሎ?

"ስሚኝ" አለች ወንበር ስባ እየተቀመጠች። "ባዶ ሳጥን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያልፈለገ ሰው ባዶ ነው። ሌላው ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። ያንቺ የትኛው ነው?"

"ፈልጎ ያጣ።"

"እሱን ጻፊው። የት የት እንደፈለግሽ ጭምር።"

ልጅቷ ላጲሷን አንስታ ድመቷን አጠፋቻት። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ "ቲቸር፣ መጽሐፍ ካለቀብኝ ሰው መጠየቅ ይቻላል?" አለች።

"ማንን?"

"አባዬንና የሥራ ጓደኞቹን። ዜማው እንዴት እኛ አገር መኪና ላይ እንደ ወጣ።"

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ጂየን አብራት ወደ መኪናዎቹ ማደሪያ ሄደች። የዪአን አባት ኩንሸን የጎማ ቦቲውን እያጠበ ነበር፤ መምህርቷን ሲያይ ቱቦውን ጥሎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ምን አጠፋች?"

"ምንም አላጠፋችም። መረጃ ልትሰበስብ ነው የመጣችው።"

"ከእኛ?" ኩንሸን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ፤ ልጁ ደብተሯን ከፍታ፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ቆማ ነበርና።

በዕድሜ ትልቁ ሾፌር ጋሼ ሃይ፣ "የጤና ጥበቃው ሹም ልጁ ፒያኖ ስትመታ ሰምቶ ነው የመረጠው" አሉ። መኪናው ጀርባ ላይ የምትሠራው እትዬ ሱ፣ "ኧረ ወዲያ! ማጫወቻው ከውጭ ሲመጣ ዜማው ውስጡ ነበር!" ብላ ተቆጣች። ሁለቱ እየተከራከሩ ዪአን ሁለቱንም ጻፈች፤ በእያንዳንዱ ፊት "ይባላል" ብላ።

"አንተስ አባዬ?"

"እኔ?" ኩንሸን እጁን በሱሪው አደረቀ። "አሥራ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሴት እንደ ደረሰችው አላውቅም ነበር።" ትንሽ አሰበና፣ "ዜማው ሲሰማ ሰው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። የተጣሉ ጎረቤታሞች እንኳ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይሄን አይቻለሁ። ይሄ ይጻፋል?"

"በዓይንህ ካየኸው ይጻፋል" አለች ዪአን፤ ጻፈችም።

የወላጆች ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ከጥጥ በተሠራ ፀጉር ተሞልቷል። የዪአን ፖስተር መሃሉ ላይ ምንም ሥዕል የለውም፤ "ምስሏን ፈልጌ እርግጠኛ የምሆንበት አላገኘሁም" ይላል። ከሥሩ ሦስቱ የልደት ዓመታት ከነመጽሐፎቻቸው ተደርድረዋል። የመረጃ ምንጭ በሚለው ቦታ ከመጻሕፍቱ ቀጥሎ የጋሼ ሃይ፣ የእትዬ ሱና የአባቷ ስም በተመሳሳይ ፊደል፣ በተመሳሳይ መጠን ተጽፏል።

ኩንሸን ከሥራ ሰዓቱ በፊት በብርቱካንማ ሰደርያው መጣና በሩ ጋ ቆመ። መግባቱን የፈራ ይመስል ነበር። ስሙን ከሩቅ ሲያነብ ግን እግሩ ራሱ አስገባው።

"እሺ፣ አንድ ጥያቄ" አለ ቦዩ፤ አሁን ድምፁ የምር ነው። "እንደዚህ ሁሉም ሰው የሚሰማት ከሆነ ለምን ዝነኛ አልሆነችም?"

"ዜማዋ ዝነኛ ነው" አለች ዪአን። "ስሟን የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው። እኔም እስካሁን ጠይቄ አላውቅም ነበር።"

ከኋላ የቆሙ አንዲት እናት አጨበጨቡ፤ ሌሎቹ ተከተሏቸው። ጂየንም አጨበጨበች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከተማሪ አፍ እንዲህ ያለ መልስ አልሰማችም፤ ከራሷም አፍ ቢሆን።

የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ቱ፣ ነጥብ መስጫ ወረቀታቸውን ይዘው ቀረቡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ልጅቷንም ወደዋታል።

"በጣም ግሩም ነው ልጄ። ግን የልደት ዓመት ሳጥኑ በአንድ ቁጥር ካልተሞላ አምስት ነጥብ ልቀንስብሽ ነው፤ ደንብ ነው። አምስቱ ነጥብ ካልተቀነሰብሽ አንደኛ ትወጪና ወደ አውራጃው ኤግዚቢሽን ትሄጃለሽ።" ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው ሰጧት። "አንዱን አስቀሪና ሁለቱን ሰርዢያቸው።"

ዪአን ብዕሩን በሁለት እጇ ተቀበለች። አባቷን አየች። አባቷ ደግሞ መምህርቷን አየ፤ እንዲህ ያለውን ነገር እሷ ታውቃለች ብሎ። ጂየን አንዴ ራሷን ብትነቀንቅ በቂ ነበር። አውራጃው፣ ሽልማቱ፣ የአባትየው ስም ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ መታየቱ፣ ሁሉም አንድ ጭረት ላይ ቆሟል። ጂየን ግን እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ ፖስተሩን ብቻ አየች።

"ከሦስቱ የቱን ላስቀር?" አለች ዪአን።

"የፈለግሽውን! ማን ያውቃል?"

"አዎ፣ ማንም አያውቅም" አለች ልጅቷ። "የጻፍኩት እሱን ነው።"

የብዕሩን ክዳን ቀስ አድርጋ ገጠመችና፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ መለሰችላቸው።