የታችኛው መደርደሪያ ጠርሙስ

ሹፌሩ እንደሚለው ጠርሙሱን ያስቀመጠው ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ፣ ከውሃዎቹ ኋላ ነው፤ ሆን ብሎ ካልቆፈረ በቀር ማንም አያገኘውም። ሚስቱ ባለሱቋ እንደምትለው ደግሞ ጠርሙሱ የቆመው ከሁሉም ፊት ነው፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ «ውሰዱኝ፣ ውሰዱኝ» እያለ። ማሉ ቢባሉ ሁለቱም ይምላሉ። የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የጠጣው ሰው ተቆጣጣሪው መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሱቋ ፍሪጇን ያገኘችው በየአገሩ ፋብሪካ ካለው ትልቅ ኩባንያ ነው። ዛሪ የሚባለው የብርቱካን ለስላሳ የእሱ ነው፣ ቁርጥም የሚባለው ቺፕስ የእሱ ነው፣ ጠል የሚባለው የታሸገ ውሃም የእሱ ነው። ፍሪጁ በሩ መስታወት፣ አናቱ ላይ ደግሞ ዛሪ የሚል መብራት አለው። ኪራይ አይከፈልበትም። ውሉ አንድ ብቻ ነው፤ የሌላ ድርጅት መጠጥ ጠብታ እንዳይገባበት። ከገባ ፍሪጁ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

ከፍሪጁ በፊት ለስላሳ የምታቀዘቅዘው ባልዲ ውስጥ ነበር። ደንበኛው ጠርሙሱን ዳሰስ ያደርግና «ይሄማ ለብ ብሏል» ብሎ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ይሄዳል። አሁን ግን ከማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆቹ እየተጋፉ የሚመጡት ወደ እሷ ነው። ስለዚህ ፍሪጁን እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ለራሷ አንድ ቀዝቃዛ ዛሪ ከፍታ፣ እግሯን ሳጥን ላይ ሰቅላ ፉት ትላለች። ከዚያች ጊዜ የሚበልጥባት ደስታ የለም።

ችግሩ ባሏ ነው። ባሏ የሚነዳው የቦቦን የጭነት መኪና ነው፤ ቦቦ ደግሞ የዛሪ ዋነኛ ተቀናቃኝ። እሱም ብርቱካን፣ እሱም ያው መልክ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በነፃ ስለሚሰጥ ሹፌሩ በየቀኑ ይዞ ይመጣል፤ የሚያቀዘቅዝበት ግን የለውም። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት፣ ፍሪጅ የሚባል ያለውም ይኸው የሱቁ ብቻ ነው።

«አንድ ጠርሙስ ብቻ፣ ጥግ ላይ» ይላታል።

«ጠብታ አይገባም።»

«ባልሽ እኮ ነኝ!»

«አንተ ግባ፣ ቦቦህ ውጭ ይደር። ካልሆነ ዛሪ ጠጣ።»

«እኔ? በዚህ ሸሚዝ?» ይልና ዞሮ ጀርባውን ያሳያታል። ቀዩ ሸሚዝ ላይ ቦቦ የሚለው ጽሑፍ ከትከሻ እስከ ትከሻ ተንሰራፍቷል። «የሥራ ጓደኞቼ ቢያዩኝ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡኛል።»

ሲመረው ዘዴ ፈጠረ። ባዶ የዛሪ ጠርሙስ አጠበ፣ ቦቦውን ገለበጠበት፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ሸጎጠው። ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ በቀዝቃዛው አንጀቱን ያርሳል፣ ማታ ደግሞ ጠርሙሱን ይሞላል። ሚስቱ አንድም ቀን አልነቃችም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ የኩባንያው ተቆጣጣሪ መጣ። ትሑት ግን ጥንቁቅ ሰው ነው። ባለሱቋ ሳሙና ለሚገዙ ሴትዮ ስትመዝን... አይ፣ ሳሙና አይመዘንም፤ ስታወርድ፣ እሱ ፍሪጁን ከፍቶ ቁጢጥ አለ። በሙያው ልማድ ኋላ ያለው ጠርሙስ ወደ ፊት ይመጣል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲሸጥ። ስለዚህ ከየጥጉ እያወጣ ከፊት ደረደረ፣ ስማቸውን ወደ በሩ አዞረ። ሲጨርስ ላቡን ጠረገ።

«እህቴ፣ እንዳንቺ ዓይነት ንጹሕ ፍሪጅ በዚህ መንገድ አላየሁም። እስቲ አንድ ቀዝቃዛ ዛሪ ስጪኝ።»

ባለሱቋ በኩራት ተነፋች። ከፊት የቆመውን አንስታ ሰጠችው። ሰውዬው ውሃ ጥሙ ብሶበት ስለነበር ክዳኑ እንዴት በቀላሉ እንደተከፈተለት እንኳ ልብ አላለም። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«እፎይ! ይሄ ነው ዛሪ! እነዚያ ቦቦዎች ዕድሜ ልካቸውን ቢለፉ ይሄን ጣዕም አያገኙትም።»

ሹፌሩ በዚሁ ቅጽበት ገባ። ግራ ቀኝ ሳያይ ወደ ፍሪጁ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ጥጉን ዳበሰ።

«ማነው ቦቦዬን የነካው?»

ሳሙና የገዙት ሴትዮ መልሳቸውን ተቀብለው እንኳ አልሄዱም። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ቀዩን ሸሚዝ፣ ቀጥሎ እጁ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየ። አሸተተው።

«በየት በኩል ገባ ይሄ?» አለች ባለሱቋ።

«ሕጉን አክብሬ ነው!» አለ ሹፌሩ። «የቤትሽን ልብስ አልብሼ ነው ያስገባሁት!»

«እኔ ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ጣፍጦኛል ብለው ይጻፉ፣ ጋሼ» አለ ሹፌሩ።

ሴትዮዋ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ተቆጣጣሪው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ሳቅ ቀደመው። ከዚያ ግን ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ፊቱን ሰብሰብ አደረገ።

«እህቴ፣ ሳታውቂ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ዛሬ ፍሪጁን አላስጭንም። ሁለተኛ ከሆነ ግን እኔም እንጀራዬ ነው። ወይ ፍሪጁ፣ ወይ የሱ ጠርሙስ። አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«እኔስ በዚህ ሙቀት ምን ልሁን?» አለ ሹፌሩ፤ አሁን አልቀለደም። ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ጭነት ሲያራግፍ አርፍዶ ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆታል።

ባለሱቋ ባልዲው የተደፋበትን ጥግ አየች። ልጆቹ ጠርሙሱን ዳስሰው ሲመለሱ ታዩዋት። ባሏንም አየችው። እሱን ለብ ያለ እያጠጡ አጠገቡ ቀዝቃዛ መጠጣት ደግሞ ነውር መሰላት። ከመደርደሪያው ሁለት ብርጭቆ አወረደች።

«ፍሪጁ ይቆያል» አለች፣ ሦስቱም እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔና ባሌ ግን ከዛሬ ጀምሮ የምንጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው። ዛሪም ቀረብኝ፣ ቦቦም ቀረበት!»