አይነሡ፣ መሪጌታ

አባቴን መሪጌታ ወልደኪዳንን ስትሮክ መትቶት ግራ እግሩ አልታዘዝ ሲለው፣ ሐኪሙ አደራ ያለን አንድ ነገር ነበር፦ «አታስተኟቸው። በየቀኑ ይራመዱ።»

ጠዋት ጠዋት፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ እንወጣለን። እሱ በመቋሚያው ተደግፎ፣ እኔ ክንዱን ይዤ፣ እስከ ማርያም ደጅ። መጀመሪያ እግሩ እንደሚጎተት ግንድ ነበር። እየዋለ እያደር ከመሬት ተነሣ። እንቅልፉ ተመለሰ፣ ብቻውን ማልቀሱን ተወ። ጠፍቶበት የነበረው ዜማ እንኳ መንገድ ላይ እየመጣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሰው ጀመር።

«ለኅዳር ጽዮን ወረብ እቆማለሁ» አለኝ አንድ ቀን እያለከለከ።

«እንዲህ ከሆነማ በሩጫ ነው የምትገባው፣ አባዬ።»

«ቀስ በል! ካህን ነኝ፣ አትሌት አይደለሁም።»

በዓሉ ሲቃረብ ዘመድ ከሰላ ድንጋይ ለጥየቃ መጣ። አብራን የምትኖረው አክስቴ ደመቀች በር ላይ ጠበቀችን።

«አንተ ልጅ! የታመመ አባትህን በዚህ ብርድ እንደ በሬ ትነዳዋለህ? እንግዳ አልጋውን ባዶ ሲያገኘው ‹ወንድሟን ማስታመም አቃታት› አይለኝም?»

«ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙ ነው እንግዳ የሚቀበልልኝ?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት።

«ተው ቃለ አብ» አለኝ። «እንግዳው እስኪሄድ ልተኛ። እታለሜን ሰው እንዳያማብኝ።»

ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እንግዳ ግን አላለቀም። የሰላ ድንጋዩ ሲሄድ የደነባው መጣ፤ የደነባው ሲነሣ የሰንበቴው ማኅበርተኛ ገባ። ሁሉም ትራሱን እያደላደለ «አይነሡ፣ መሪጌታ፣ አይነሡ» ይላል። አልተነሣም። እግሩ እንደገና ደረቀ። ቀጥሎ ወሬው ቀነሰ፣ ሲያጎርሱትም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ጀመር።

የጽዮን ዕለት ረፋዱ ላይ ከማርያም ከበሮው ተሰማ። ሁሉም ወጥቶ ቤት የቀረነው እኔና እሱ ነበርን።

«አንሣኝ» አለ።

መቋሚያውን አስያዝኩት፣ ብብቱ ሥር ገብቼ ብድግ አደረግኩት። ቆመ። ወዲያው ግራ እግሩ ታጠፈና ተያይዘን አልጋው ላይ ወደቅን።

«በል ተወው» አለኝ፣ መቋሚያውን ሳይለቅ።

ወረቡ ሲሞቅ ቀኝ እግሩ በጋቢው ሥር ምቱን ይከተል ጀመር። ግራው ዝም። ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ከከበሮው ጋር አነሣሁት፣ አሳረፍኩት። ዓይኑን እንደጨፈነ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ታቦቱ እስኪገባ እግሩን አልለቀቅኩም።