ከእጀታው ሥር

«ያቺ ጥቁር የብረት መላጊያ አለች አይደል?» አለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው፣ ከንፈሩን መጦ እንኳ ሳይጨርስ። «ለመታሰቢያ እኔ ጋ ብትቀመጥ ብዬ ነው።»

የሟች ልጅ ቀና ብላ አየችው። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሰዉ በተውሶ ወንበር ተደርድሮ ሻይ እየጠጣ ግማሹ ስለ ሟች፣ ግማሹ ስለ ኑሮ ያንሾካሹካል። እንባዋ አልወርድ ብሎ አክስቷን አሳስቧታል። እሷ ግን በሩን በሩን ስታይ የሰነበተችው ይህን ሰውዬ ስትጠብቅ ነው። እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ዓይነ ደረቅ ነዋ!

አባቷ አናጢ ነበር፤ የድሮ መሣሪያ ፍቅር የያዘው አናጢ። ከጎኑ አስቀምጦ ያስተምራት ነበር። «የፋብሪካ ቀለም እጅ በሚነካው ቦታ ያልቃል፣ በማይነካው ይኖራል። አጭበርባሪ ሲቀባ ግን ያለቀውንም፣ የብሎኑን ራስ ስንጥቅም ይሞላዋል። ከተጠራጠርሽ እጀታውን ፍቺ፤ ከሥሩ ያለው ከውጪው ጋር ካልገጠመ የተቀባ ነው።»

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነጋዴው መላጊያዋን ሽጥልኝ ብሎ ለመነው፤ እምቢ ተባለ። በሳምንቱ ገበያ መሐል ከአባቷ መደብ ላይ ከፍ አድርጎ አንስቷት፣ «ይቺማ የፋብሪካ እንድትመስል ትናንት የተቀባች ናት!» አለ። በዓይኑ የሚታመን ሰው ስለነበር ሁሉም ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ አባቷ «ቀቢው» ተባለ። መሣሪያ አድስልን የሚለው ደንበኛ ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። እጀታውን ፈተን እናሳያቸው ብላ ስትወተውተው፣ «በዚህ ዕድሜዬ መሐላ ልግባልሽ?» ብሎ ይስቅ ነበር። ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። ቀቢው እንደተባለ ሞተ።

«ላምጣልዎት፣ ጋሼ» አለችና ጓዳ ገባች። መላጊያዋንና ካቻቢቴ ይዛ ተመለሰች። ለቀስተኛው መሐል ቆማ ብሎኑን ፈታች፤ እጀታውንም አወለቀች።

«ዕቃ አዋቂ እርስዎ ነዎት። እስቲ ይፍረዱ፤ የፋብሪካ ነው የተቀባ?»

ከእጀታው ሥር ቀለሙ እንደ ተሠራበት ቀን ጥቁርና አብረቅራቂ ነበር። ጠርዙ ላይ ደርሶ ከውጪው ካረጀው ቀለም ጋር አንድ ሆኖ ይቀጥላል፤ መጋጠሚያ የለውም። ነጋዴው ዙሪያውን ቃኘ። የተቀባ ነው እንዳይል፣ ታዲያ ምን አስመኘህ ይሉታል።

«የፋብሪካ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ጮክ ይበሉ ጋሼ፤ አክስቴ ጆሮዋ ይከብዳታል።»

«የፋብሪካ ነው!»

«ያኔ ገበያ ላይስ?»

«ያኔም... ያው ነበረች።»

«ቀቢው» እያለ ሲያላግጥ የኖረ አንድ ሽማግሌ አናጢ አቀረቀረ። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«በይ ተናገርኩልሽ፤ አሁን ስጪኝ» አለ ነጋዴው እጁን ዘርግቶ።

«ትንሽ ላጽዳልዎት።» ከኪሷ የብርጭቆ ወረቀት አውጥታ ባለ በሌለ ኃይሏ ቀለሙን ትፈትገው ጀመር። ጥቁር ዱቄት ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ኧረ በፈጠረሽ! ያንን የመሰለ ቀለም! ገደልሻት እኮ!»

«አባቴንስ?»

ነጋዴው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እሷ ቀና ብላም አላየችው፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ትፍቃለች። ከእጀታው ቦታ ፊት ለፊት ስትደርስ ወረቀቱ የሚፍቀው አጣ። እዚያ ቀለም ከተላጠ ቆይቷል፤ የአባቷ አውራ ጣት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጫነው የኖረ ቦታ ነው።

ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። «አባባ» አለች፤ የታሰረው እንባ ያኔ ወረደ። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች። ቦታው ሰፋባት።