በዝቃጭ ላይ የቆመ ሽምግልና

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ ለቡ ውስጥ በአንድ የቆዳ ፋብሪካ ዘበኛ ነበርኩ። ፋብሪካው ከቆሻሻ ውሃው ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ ከአጥሩ ውጭ በተሠሩ ሰፋፊ መደቦች ላይ ያፈሰዋል። መደቦቹ ዙሪያቸው አጭር ግንብ ነው፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ አላቸው። ውሃው በአሸዋው ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች፣ የደረቀው በአካፋ ይነሳል። እስኪደርቅ ድረስ ሽታው የጎረቤት ነው።

ጎረቤቱ ሮበሌ ይባላል። ከአያቶቹ ጀምሮ እዚያው ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ሌንሳ በፋብሪካው በቀን ሥራ ዝቃጭ ታነሳለች።

አንድ ሐሙስ ሮበሌ መጥቶ የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያውን ኃላፊ መኩሪያን አስጠራው።

«እሑድ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ይህን ነገር አድርቅልኝ።»

«ኦቦ ሮበሌ፣ ትናንት የፈሰሰ ነው። በርበሬ መሰለዎት?»

«ባለፈው ከድልድዩ ተመለሱ። ኦቦ ለሜሳ አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው ‹ገዱ ጥሩ አይደለም› አሉ። ዳግመኛ ከተመለሱ ሦስተኛ አይመጡም። የልጄ ነገር በዚያው ቀረ ማለት ነው።»

በእነሱ ወግ ልጃገረድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሽማግሌ የመንገዱን ገድ ያያል። ክፉ ምልክት ካየ ይመለሳል። በዚያ አገር ምልክቱን የሚፈቱት ኦቦ ለሜሳ ነበሩ። ተመለሱ ካሉ መመለስ ነው።

ሌንሳን «ሽማግሌ የሚልክብሽን ልጅ ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«ባልወደው ኖሮ ሽታው ባለበት ይቀመጥ እል ነበር» አለችኝ።

መኩሪያ ደግ ሰው ነው፤ ትንሽ አሰበ። «ዝቃጭ ውሃውን እንደ ንፉግ ጨብጦ ይይዛል» አለ። «ኖራ ሲገባበት እጁን ይፈታል፤ ሽታውም ይቀንሳል። በወጉ ኖራው የሚገባው ሳይፈስ በፊት፣ በገንዳ ውስጥ ነበር። አሁን ግን እዚያው ላይ ልናማስለው ነው።»

ኖራ በፋብሪካው ሞልቷል። ዓርብና ቅዳሜ ሲማሰል ዋለ። ሌንሳ ቦቲዋን አጥልቃ፣ ረጅም እንጨት ይዛ ከሁሉ ፊት ነበረች።

«ሌንሳ፣ የድግሱ ወጥ ነው እንዴ?» አላት አንዱ ሠራተኛ።

«አዎ። አንተን አስቀድሜ አቀምስሃለሁ።»

እሑድ ጠዋት የሞተ ነገር ሽታ ጠፍቶ ነበር። በምትኩ ዓይን የሚቆነጥጥ ነገር መጣ። መኩሪያ «ኖራው ያመጣው ነው፤ ያስለቅሳል እንጂ አያስመልስም» አለ። መደቡ ከላይ ነጭ፣ ልሙጥና ደረቅ ሆኗል። በእንጨት ወጋሁት። ከላይ ቂጣ፣ ከሥር ገንፎ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ኦቦ ለሜሳ ከፊት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ አዲስ ጥቁር ጫማ። ዓይናቸው እንባ ያወርዳል። ድልድዩን አለፉ። መደቡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አያችሁ?» አሉ ለጓደኞቻቸው። «እኛ አውድማችንን በእበት እንለቀልቃለን። ሮበሌ በኖራ!»

«ባዶ ነው እኮ» አለ አንዱ።

«እህሉን አስገብቶ ጨርሷላ። ትጉህ ሰው ነው። ገዱ መልካም ነው።»

«አባባ፣ እሱ ዝቃጭ ነው፤ አይርገጡት» አልኩ።

«አንተ ዘበኛ፣ እህል ከሌለው አውድማ ምን ይሰረቃል?»

ገበሬ የተለቀለቀ አውድማ መድረቁን በተረከዙ መትቶ ነው የሚያውቀው። ኦቦ ለሜሳ ግንቡን ተሻግረው አንድ ጊዜ መቱት። ቻላቸው። ሁለት እርምጃ ሄዱ። በሦስተኛው እስከ ጉልበታቸው ገቡ።

 ሮበሌ ከደጁ ሆኖ አይቶ ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ከዚህ የከፋ ምልክት አለ?» ሲል ሰማሁ። ሁሉም ምልክቱን እንዲፈቱ ኦቦ ለሜሳን ይጠብቃሉ።

እሳቸው እግራቸውን አዩ። ቀጥለው መንገዱን አዩ። ከሀና ማርያም የሚመለሰው ሕዝብ ነጠላውን እንዳጣፋ ቆሞ ይመለከታቸዋል። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ነው የሚያልፉት። የሮበሌ ቤት ግን ቅርብ ነው፤ ውሃም አለው።

«ነጭ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ነጭ ክፉ ሆኖ አያውቅም። እግሬም በሮበሌ አገር ገብቷል። ገዱ ሰምሯል።»

ጣውላ ይዤ ቀረብኩ። በከዘራቸው ከለከሉኝ።

«ሽማግሌ የጠየቀው ሳይሰጠው አይቀመጥም። እዚሁ እንደቆምኩ እጠይቃለሁ። ሮበሌ! ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ሮበሌ ከሐሙስ ጀምሮ የለመነው ይህንን ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ወጉ ያዘው። የሴት ልጅ አባት በአንድ ቃል አይሰጥም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምጣታችሁ ደግ ነው። እስቲ ዘመድ ላማክር። አጎቷ ሱሉልታ ነው ያለው።»

«አማክር» አሉ ኦቦ ለሜሳ። ጥቂት ቆይተው አንድ እግራቸውን ለማንሳት ሞከሩ፤ አልተነሳም። «ይህ ነገር እግሬን አቃጠለኝ። ምንድን ነው?»

«ኖራ ነው አባባ» አለ መኩሪያ። «የበሬ ቆዳ ፀጉሩን የምናረግፍበት ነው።»

ኦቦ ለሜሳ ወደ ሮበሌ ዞሩ። ከዚያ «አጎትየው በምን ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ።

«በአውቶቡስ» አለ ሮበሌ። «እሑድ ግን አውቶቡሱ ይዘገያል።»

ይህን ጊዜ ሌንሳ ከአጥሩ ጀርባ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ሰዓት ለሽማግሌ አትታይም። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ከሥር ቦቲዋን አጥልቃለች።

«አባ፣ ወይ ስጥ፣ ወይ ሳትሰጥ ልጎትታቸው።»

ሮበሌ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ሽማግሌው ጉልበት አየ። «ሰጥቻለሁ» አለ።

ጣውላውን ዘረጋሁ። እሷ ተራምዳበት ብብታቸው ሥር ገባችና አንድ ጊዜ ሳበቻቸው። ሽማግሌው ወጡ፤ ጫማቸው ቀረ።

«ልጅቱ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ኦቦ ለሜሳ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ልጃችን ቀጭን ነው። በጊዜ ንገሩት» አሉ።

ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውሃው ወሰደቻቸው። የቀሩት ሽማግሌዎች በግንቡ ጥግ ተሰልፈው ተከተሉ። ሮበሌ ግቢ ገብተው እንኳ፣ መሬቱን በከዘራ ሳይወጉ አንድ እርምጃ አልተራመዱም።