ካንድሉ እስኪዘጋ

"ዋጋው ሦስተኛ ጊዜ ወረደ፤ ሦስተኛ ጊዜም ካለፈው ከፍ ብሎ ቆመ" አለ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ። "ሻጩ ደክሟል። ካንድሉ ሲዘጋ እገዛለሁ።"

የሒሳብ አስተማሪነቱን ትቶ ዩሮና ዶላር መነገድ ከጀመረ ወዲህ፣ ከመግዛቱ በፊት ምክንያቱን በድምፁ ሳይቀዳ ውሎ አያውቅም። ገበያ ዘመድ የለውም፤ የከሰረ ሰው ደግሞ ሰበብ አያጣም። እሱ የሚቀዳው ራሱን እንዳይዋሽ ነው። ዋጋው በየአሥራ አምስት ደቂቃው ስክሪኑ ላይ አንድ ካንድል፣ አንዲት ቀጥ ያለች ዘንግ ይሠራል። እሷ ሳትዘጋ የቸኮለ ተበላ ማለት ነው።

እናቱ ከሞተች ዘጠኝ ወሯ ነው። እሱ ግን ካንድል በጠበቀ ቁጥር ከማድ ቤት የሚጠራው ሰው ያለ ይመስለዋል፤ ዞር ብሎ በሩን ያያል። አሁንም አየው። ማንም የለም።

ታላቅ እህቱ የእናታቸውን ልብስ ልታነሳ መጥታ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። እያጣጠፈች፣ ቀሚሴን አጠበብሽብኝ ብላ ስትጨቀጭቃት ስለከረመች አንዲት ደንበኛዋ አወራችው፤ ለካ የወፈረችው ደንበኛዋ ራሷ ናት። ሁለቱም ሳቁ። አንድ ሹራብ እጇ ሲገባ ማጣጠፉን ተወች።

"የእማዬ ድምፅ ስልክህ ላይ የለም?"

"የለም።"

"ትንሽም?"

"ኧረ ምንም የለም፣ እትዬ።"

ውሸቱን ነው፤ አለ። በሞተችበት ዕለት ጠዋት የቀዳው ላይ፣ ከእሱ ድምፅ ኋላ፣ እናቱ ከማድ ቤት "ልጄ፣ እስቲ ና" ትላለች። እሱ ደግሞ "ካንድሉ ይዝጋ፣ እማዬ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው" ይላል። ደግማ ጠራችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዋጋው ልክ እንዳነበበው ወጣ፤ አተረፈ። ማድ ቤት ሲሄድ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኛት። ለሰው ሁሉ ውጭ ነበርኩ አለ። የገበያ ንባቡ ተሳስቶ ከስሮ ቢሆን እንኳ የሚረግመው ነገር ባገኘ።

"ያን ቀን ደውላልኝ ነበር" አለች እህቱ ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ። "ማሽን ላይ ነበርኩ። ይቺን እጅጌ ልጨርስና ብዬ ተውኩት።"

"አንቺ በምን ታውቂ ነበር?"

"አንተ ውጭ ነህ። ከእኔ ሌላ ማንን ትጥራ? ባነሳው ኖሮ ትተርፍ ነበር። ይኸው ዘጠኝ ወር ሙሉ ማሽኑን በረገጥኩ ቁጥር ስልኩ የሚጮህ ይመስለኛል።"

ጥሪ የሚሰማው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ለካ የእሱን ውሸት ተሸክማ የምትዞረው እሷ ናት። ቅጂውን ብትሰማ ደግሞ አትምረውም፤ ያውቃታል። አባታቸውን እንኳ ይቅር ሳትል ነው የቀበረችው። ከእሷ ሌላ ዘመድ የሚለው ሰው የለውም።

ስክሪኑ ላይ ዋጋው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ካንድሉ ሊዘጋ አራት ደቂቃ ይቀረዋል። እህቱ ዐይኑን ተከትላ አየችና ሥራህን አላስፈታህም፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብላ ፌስታሏን አነሳች።

"እትዬ፣ ቤት ነበርኩ።"

"መቼ?"

ኮምፒውተሩን አጠፋና ከወንበሩ ተነሣላት። "ተቀመጪ" አለ። የዚያን ጠዋት ቅጂ ፈልጎ ከፈተ፤ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠ። እሱ ከክፍሉ አልወጣም።